አጣጥ፣ ሕዋስና የመቀሌ መንገድ

ዶክሶሩቢሲን የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ቀይ ነው፤ ስሪንጅ ውስጥ ሲቀዳ የፈላ ከርከዴ ይመስላል። ነርሷ ዓይኗን ከታካሚዋ ክንድ ሳትነቅል፣ ከሚወርደው ጉሉኮስ ጋር ቀስ እያደረገች ትሰጠዋለች፤ ከደም ሥር ካፈተለከ ሥጋ ያቃጥላልና። «እናቴ፣ ዛሬና ነገ ሽንትዎ ቢቀላ ደም እንዳይመስልዎት» ብሎ አስቀድሞ መንገርም የእሷ ሥራ ነው። የጡት ካንሰር ያለባት ሴት ይህን ቀይ መድኃኒት ከሌላ መድኃኒት ጋር አብዛኛውን ጊዜ በየ21 ቀኑ ትወስዳለች። እያንዳንዱ ዙር ይባላል። በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳም ሆነ በመቀሌው አይደር ሆስፒታል ተራ የሚጠብቁ ሰዎች «ስንተኛ ዙርሽ ነው?» እየተባባሉ ይተዋወቃሉ።

ያው ቀይ ቀለም ለተመራማሪ ፋኖስ ሆኖታል። ዶክሶሩቢሲንና ታላቅ ወንድሙ ዳውኖሩቢሲን ተስማሚ ብርሃን ሲያርፍባቸው ራሳቸው ብርቱካናማ ቀይ ሆነው ያበራሉ። ስለዚህ የት እንደደረሱ በማይክሮስኮፕ መከተል ይቻላል። መድኃኒቱ በሚገድለው የካንሰር ሕዋስ ውስጥ አስኳሉ ፍም መስሎ ይታያል። መድኃኒቱን በተላመደው ሕዋስ ውስጥ ግን አስኳሉ ጨለማ ነው። መድኃኒቱ ያው፣ መጠኑ ያው፣ ሰዓቱም ያው። አንዱ ጋ ገብቶ ሠራ፤ ሌላው ጋ ከደጃፍ ተመለሰ።

«መድኃኒት ተላመደ» የሚለውን አነጋገር እኛ የምናውቀው ከቲቢ ነው። መድኃኒቱን ጀምሮ ያቋረጠ ሰው በሽታው ጠንክሮ ይመለስበታል ሲባል እየሰማን አድገናል። ካንሰርም ይላመዳል፤ ዘዴው ግን የራሱ ነው። ያ ዘዴ የተገለጠበት ታሪክ ከኮፐንሃገንና ከቶሮንቶ ተነስቶ በአንድ የኢትዮጵያ ቁጥቋጦ በኩል ወደ እኛ ይመለሳል። እኔም ይህን ዳሰሳ ለመጻፍ የተነሳሁት በዚያ ቁጥቋጦ ምክንያት ነው። በውጭ የተሠራውን በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በአገር ቤት የሆነውን በእኛው ዘመን እጠቅሳለሁ።

በ1973 ዴንማርካዊው ኬልድ ዳኖ በአይጥ ዕጢ ሕዋሳት ላይ ሲሠራ፣ ዳውኖሩቢሲንን የተላመዱት ሕዋሳት መድኃኒቱን ጉልበት አውጥተው ወደ ውጭ እንደሚገፉት አሳየ። ጉልበት የሚያገኙበትን መንገድ ሲዘጋባቸው መድኃኒቱ ውስጣቸው ተጠራቀመ። በዚያው ዘመን ቶሮንቶ ውስጥ ቪክቶር ሊንግ ሃምስተር ከምትባል የአይጥ ዘመድ የተወሰዱ ሕዋሳትን በብልቃጥ ያረባ ነበር። ኮልቺሲን የሚባለውን፣ ከጥንት ጀምሮ ለሪህ የሚሰጠውን መድኃኒት በጥቂቱ ጠብ አደረገባቸው። አብዛኞቹ ሞቱ። የተረፉትን አራባቸውና መጠኑን ከፍ አደረገ፤ እንደገና የተረፉትን አራባ። እንዲህ እያደረገ በመጨረሻ ኮልቺሲን የማይበግራቸው ሕዋሳት በእጁ ቀሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ሕዋሳቱ የተቋቋሙት ኮልቺሲንን ብቻ አልነበረም። ከዚያ በፊት አይተዋቸው የማያውቁ፣ በኬሚካል ቅርጻቸውም ከኮልቺሲን ጋር የማይገናኙ የካንሰር መድኃኒቶችን ጭምር ተቋቋሙ። አንዱን መርዝ የተማረ ሕዋስ ያልተማረውንም አወቀ ማለት ነው። ለአንድ ሐኪም ከዚህ የከፋ ዜና የለም፤ ይኸኛው እንቢ ቢል ያኛውን እሰጣለሁ የሚለውን ተስፋ ያጠፋልና።

በ1976 ሩዶልፍ ጁሊያኖና ሊንግ በእነዚህ ሕዋሳት ሽፋን ላይ በብዛት የተተከለ አንድ ትልቅ ፕሮቲን አገኙ። ሽፋኑን መድኃኒት እንዳያሳልፍ ያደረገው ይህ ነው ብለው ስላሰቡ፣ ማሳለፍን ከሚያመለክተው የእንግሊዝኛ ቃል የመጀመሪያውን ፊደል ወስደው ፒ-ግላይኮፕሮቲን አሉት። ስሙ እስከ ዛሬ ጸንቷል፤ ግምቱ ግን ግማሽ ብቻ ነበር ትክክሉ። ፕሮቲኑ አጥር አይደለም፤ ዘበኛ ነው። በ1986 ጂኑ ሲገለጥ (በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ማይክል ጎተስማንና አይራ ፓስታን፣ በቺካጎ ኢጎር ሮኒንሰን የደከሙበት ሥራ ነው) ሥራው ይበልጥ ግልጽ ሆነ። መድኃኒቱ ገና በቅባታማው የሕዋስ ሽፋን ውስጥ እያለፈ ሳለ ይይዘዋል፤ የሕዋሱን ጉልበት አቃጥሎ መልሶ ወደ ውጭ ይጥለዋል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ዘበኛ በሰው ገላ ውስጥ ምን ያደርጋል? መልሱ የመጣው ካልታሰበ አደጋ ነው። አምስተርዳም ውስጥ አልፍሬድ ሺንክልና ባልደረቦቹ ይህ ጂን የሌላቸው አይጦች አበጁ። አይጦቹ ያለ ችግር አደጉ። አንድ ቀን የአይጦቹን ቤት ቅንቅን ወረረውና ሠራተኞቹ ኢቨርሜክቲን ረጩባቸው። ኢቨርሜክቲንን የኢትዮጵያ ገበሬ ያውቀዋል፤ በምዕራብ ኢትዮጵያ የወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነትን ለመከላከል በየመንደሩ በዘመቻ የሚታደል ክኒን ነው፤ ለከብትም ይሰጣል። ዘበኛው ያላቸው አይጦች ምንም አልሆኑም። ዘበኛ የሌላቸው ሞቱ። አንጎላቸው ሲመረመር ኢቨርሜክቲኑ ከመደበኛዎቹ በብዙ አሥር እጥፍ በልጦ ተገኘ። በ1994 የታተመው ይህ ሥራ ፒ-ግላይኮፕሮቲን የአንጎላችን፣ የአንጀታችን፣ የጉበታችንና የኩላሊታችን ጠባቂ መሆኑን አስረዳ። አንድ ገበሬ ያንን ክኒን ውጦ በሰላም ወደ እርሻው የሚሄደው በዚህ ፕሮቲን ቸርነት ጭምር ነው። ካንሰር አዲስ መሣሪያ አልፈለሰፈም። የባለቤቱን ዘበኛ ሰርቆ በራሱ በር ላይ አቆመው።

ከዚያ የመጣውን ተስፋና የተስፋውን መሰበር ባጭሩ ልለፈው። ጃፓናዊው ታካሺ ሱሩኦ በ1981 ቬራፓሚል የሚባለው የልብ መድኃኒት ዘበኛውን እንደሚያስር በሕዋሳት ላይ አሳየ። ለሃያ ዓመታት ያህል የተሻለ ማሰሪያ ተፈለገ፤ በብዙ ታካሚዎች ላይም ተሞከረ። አልሆነም። ዘበኛው በዕጢው ላይ ሲታሰር በቀረው ገላም ይታሰራል፤ ኬሞው ከሰውነት ሳይወጣ ይቆይና ባለቤቱን ይጎዳል፤ ስለዚህ መጠኑን መቀነስ ግድ ይሆናል። በላዩ ደግሞ ዘበኛው አንድ አልነበረም። ሱዛን ኮልና ሮጀር ዲሊ በ1992 ካናዳ ውስጥ ሌላ አገኙ፤ በ1998 ከጡት ካንሰር ሕዋሳት ሦስተኛው ተገኘ። በሰው ገላ የዚህ ቤተሰብ ጂኖች 48 ናቸው። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ግን ከከሸፈው ሙከራ ይበልጣል ባይ ነኝ። በሩን ከመስበር ይልቅ መድኃኒቱን በሌላ በር ማስገባት ይሻላል የሚል ሐሳብ ቦታ ያገኘው ከዚህ በኋላ ነው።

ቁጥቋጦው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አጣጥን የማያውቅ የደጋና የወይና ደጋ ሰው የለም። እሾሃም ነው፤ ቅጠሉ ወፈር ያለ፣ አበባው ደቃቅና ነጭ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በገደላ ገደልና ከግጦሽ በተከለሉ ኮረብቶች ላይ ይበቅላል። በትግራይ ተከልለው ባገገሙ ተራሮች ላይ ዘመዶቹ በብዛት አሉ። ያገሬው ሰው ያጥርበታል፣ ያነድደዋል፣ የሚያውቅበትም ለመድኃኒት ይቆርጠዋል።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋምና የግብርና ሚኒስቴሩ በዓለም ዙሪያ ዕፅዋት እየሰበሰቡ ካንሰር የሚገድል ነገር ሲፈልጉ፣ ከኢትዮጵያ የአጣጥ ናሙና ተወሰደ። ያን ጊዜ በሳይንስ ስሙ ማይተነስ ኦቫተስ ይባል ነበር። ጭማቂው በአይጥ የደም ካንሰር ላይ ሠራ። ከጭማቂው ውስጥ የሚሠራውን ነገር ነጥሎ ለማውጣት ግን ዓመታት ፈጀ፤ በአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል ውስጥ ያለው አንድ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። በ1972 የቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲው ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ ንጥረ ነገሩን አውጥተው ቅርጹን አሳተሙ። ከተክሉ ስም ወስደው ማይታንሲን አሉት። ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ክሮሞሶሞቹን የሚጎትትባቸውን ክሮች እንዳይሠሩ ያደርጋል። በቤተ ሙከራ ሲለካ በዚያ ዘመን ከነበሩት ኃይለኞች አንዱ ከሆነው ከቪንክሪስቲን ከመቶ እጥፍ በላይ ይበረታል።

ብርታቱ ጠላቱ ሆነ። በ1970ዎቹ አጋማሽ በሰው ላይ መሞከር ሲጀመር ትውከቱ፣ ተቅማጡ፣ ድካሙና የነርቭ ጉዳቱ ከጥቅሙ በለጠ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሙከራው ቆመ፤ ማይታንሲንም መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። መድኃኒቱ መግደል አላቃተውም። ወዴት መሄድ እንዳለበት አላወቀም እንጂ።

ማሳቹሴትስ የነበረው ኢምዩኖጄን የተባለ ኩባንያ ሰዎች፣ ራቪ ቻሪ ከመሪዎቻቸው አንዱ ሆኖ፣ በ1992 መንገድ የሚያሳይ ሥራ አሳተሙ። ማይታንሲንን በአንቲቦዲ ላይ ጫኑት። አንቲቦዲ የአንድን ሕዋስ ልብስ ብቻ ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ነው። ከአምስት የጡት ካንሰሮች በአንዱ ገደማ ኸር2 የሚባል ተቀባይ ከልክ በላይ በሕዋሱ ላይ ይበዛል፤ አንቲቦዲው ያንን ይዞ ይቀመጣል፤ ሕዋሱም እንደ ምግብ ይውጠዋል። ማይታንሲን የተሸከመውን ይህን አንቲቦዲ የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በፌብሩዋሪ 22 ቀን 2013 ካድሳይላ በሚል የንግድ ስም ፈቀደው። በዚያ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ገዳይ የማይታንሲን ልጅ ነው። ዛሬ ለዚህ ሲባል አጣጥ አይቆረጥም። የጃፓኑ ታኬዳ በ1977 ተመሳሳዩን ነገር የሚሠራ ባክቴሪያ አገኘ፤ አሁን መነሻው በማብላያ በርሜል ይረባል። በ2014 ደግሞ በአጣጥ ዘመድ ሥር ውስጥ ማይታንሲኑን የሚሠሩት የተጠጉ ባክቴሪያዎች መሆናቸው ተገለጠ።

የዚህን መድኃኒት ጉዞ በቅርብ ሆኖ ማየት ደስ ይለኛል። የተዋጠው አንቲቦዲ ሕዋሱ አሮጌ ነገር ወደሚፈጭበት ከረጢት ይገባል። እዚያ አንቲቦዲው ተፈጭቶ ያልቃል፤ የሚቀረው ማይታንሲኑና የተጣበቀበት የአንቲቦዲው ፍርፋሪ ነው። ይህ ፍርፋሪ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው የከረጢቱን ቅባታማ ግድግዳ በራሱ አያልፍም። አሻጋሪ ይፈልጋል። በ2015 የታተመ ጥናት አሻጋሪው ኤስኤልሲ46ኤ3 የሚባል ፕሮቲን መሆኑን አሳየ፤ ሕዋሱ ይህን ፕሮቲን ቢያጣ መድኃኒቱ ከረጢቱ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ከረጢቱን አልፎ ከወጣ ደግሞ የድሮው ዘበኛ፣ ፒ-ግላይኮፕሮቲን፣ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ኬሚስቶች ማይታንሲኑን ከአንቲቦዲው ጋር የሚያያይዘውን ሰንሰለት ቀይረው ዘበኛው የማያውቀው ፍርፋሪ እንዲቀር አደረጉ፤ ይህ በ2010 ታትሟል። ከሕዋሱ ሽፋን እስከ ክሮቹ ድረስ ያለው ርቀት የፀጉር ውፍረት አይሞላም። ለዚያች ርቀት ግማሽ ምዕተ ዓመት ሄደ።

አጣጡ በከረጢት ሆኖ አገር ሲለቅ፣ እዚሁ ትግራይ ውስጥ ሌላ ተክል ሌላ ዕድል ገጥሞት ነበር። በፈረንጆች 1964 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አክሊሉ ለማ ዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲንሳፈፉ አየ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። አክሊሉ ያየውን እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ተከታተለ፤ ለዚሁ ሥራ ኢንስቲትዩት አቋቋመ፤ በ1989 ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ያዝናል ልቤ። ከእንዶዱ ጋር የሄደ ሰው ነበረ። አጣጡ ብቻውን ሄደ። በዚያ ዘመን አገሮች የዕፅዋታቸውን ባለቤትነት የሚያስከብሩበት ዓለም አቀፍ ስምምነት አልነበረም፤ የብዝኃ ሕይወት ስምምነቱ የመጣው በ1992 ነው፤ የእኛው የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ መብት አዋጅ ቁጥር 482 ደግሞ በ1998 ዓ.ም.።

ዕፅዋቱ ቢያመልጡን ሰዎቻችን ግን እዚሁ አሉ። መድኃኒት በኢትዮጵያዊ ገላ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ማጥናት ከሌላ አገር ተቀድቶ የሚሞላ ጥያቄ አይደለም። ለዚህ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየኝ ማስረጃ በስዊድኑ ካሮሊንስካ ተቋም የምትሠራው ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቿ ጋር በ1996 ያሳተመችው ነው። ብዙ መድኃኒቶችን የሚፈጨው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ጂን፣ ከተጠኑት ኢትዮጵያውያን በ29 በመቶው ውስጥ ተደጋግሞ ተገኘ፤ በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። የጡት ካንሰር እንዳይመለስ የሚሰጠው ታሞክሲፈን ሙሉ ኃይሉን የሚያገኘው በዚህ ጂን ሥራ ነው። ከዓመታት በኋላ በ2019 በወጣ ሥራ፣ በጥቁር አንበሳ ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ በሚወስዱ የጡት ካንሰር ታካሚዎች ላይ ጂኖቻቸው ተመረመሩ፤ የዘበኛው ፒ-ግላይኮፕሮቲን ጂንም አብሮ ነበር። የነጭ ደም ሕዋስ መውረድን ከሌሎቹ ይልቅ የሚጠቁመው ሲዋይፒ2ጄ2 የተባለው ጂን ሆኖ ተገኘ። አንዲት ነርስ በቀጣዩ ዙር ደም አስመርምራ «ነጭ ደምሽ ወርዷል፣ ሳምንት ተመለሺ» የምትልበት ምክንያት በከፊል እዚያ አለ።

መቀሌ ከዚህ ሥራ መራቅ አልነበረባትም። መቀሌ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ሁለት ኮሌጆች ተዋሕደው የቆመ ነው። የሕክምና ኮሌጁ የሚያስተምርበት አይደር ሆስፒታል በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ስሙን የወሰደበት ሰፈር በግንቦት 28 ቀን 1990 ትምህርት ቤቱ በአውሮፕላን የተደበደበበት፣ ሕፃናትና ሊያነሷቸው የሮጡ ሰዎች ያለቁበት ሰፈር ነው። ሆስፒታሉ ለትግራይ፣ ለአፋርና ለሰሜን አማራ ሰው መጠጊያ ሆነ፤ ኬሞም መስጠት ጀመረ። ያ ለአንድ የራያ ወይም የተምቤን ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ፣ አዲስ አበባ ለመድረስ ከመቀሌ ብቻ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ እንዳለ፣ መንገዱም በየ21 ቀኑ እንደሚደገም ማስታወስ ይበቃል። የጨረር ሕክምና ደግሞ ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ጅማ፣ ሐረማያ፣ ሐዋሳ፣ ጎንደርና መቀሌ የጨረር ማዕከል እንዲሠራላቸው ታቅዶ ነበር።

ጥቅምት 2013 የትግራይ ጦርነት ተነሳ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት ከጎበኟቸው 106 የትግራይ ጤና ተቋማት በወጉ የሚሠሩት 13 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከሰኔ 21 ቀን 2013 በኋላ መንገድ፣ ባንክ፣ ስልክና መብራት ተቋረጡ። በ2014 አጋማሽ በአውሮፕላን፣ ቆይቶም በመኪና ጥቂት ዕቃ ገባ፤ የአይደር ሐኪሞች ግን ደመወዝ ሳይከፈላቸው፣ ጓንት እያጠቡ፣ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት እየመረጡ ይሠሩ ነበር። ኬሞ አልቆ የካንሰር ታካሚዎችን ወደ ቤታቸው እንደሚሸኙ ለዓለም በጽሑፍ አሳወቁ።

አስሉት። ከሰኔ 21 ቀን 2013 እስከ ኅዳር 6 ቀን 2015 ድረስ ያለው ጊዜ 24 ዙር ነው። አንዲት የጡት ካንሰር ታካሚ ቀዩን መድኃኒት የምትወስደው ብዙውን ጊዜ አራት ዙር ነው። ሊንግ በብልቃጡ ውስጥ ያደረገውን አስታውሱ፤ ትንሽ ሰጠ፣ የተረፉትን እንዲራቡ ተወ። ሁለት ዙር ወስዳ ሦስተኛውን ያጣች ሴት ገላ ውስጥም የሚራቡት የተረፉት ናቸው። ይህን ለማወቅ ማይክሮስኮፕ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ሐኪሞቹ እጃቸውን ጡቷ ላይ ሲያሳርፉ ያገኙት ነበር።

የፕሪቶሪያ ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ። ኅዳር 5 ቀን የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ኤላሄር የተባለ አዲስ መድኃኒት ለእንቁላል እጢ ካንሰር ፈቀደ። ከአንቲቦዲው ጋር የታሰረው ገዳይ የማይታንሲን ልጅ ነው፤ ሰንሰለቱም ከዚያ ዘበኛ እንዲያመልጥ ታስቦ የተሠራ ነው። በማግስቱ፣ ኅዳር 6 ቀን፣ ከስምምነቱ በኋላ የመጀመሪያዎቹ የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ መኪኖች መቀሌ ገቡ። ሁለት ነበሩ፤ የጫኑት የድንገተኛና የቀዶ ሕክምና ዕቃ ነበር።